ስንት ታክሲ ነው?

ልጄ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ሥራ ማግኘትሽን እናትሽ ነግራኛለች፤ እንኳን ደስ አለሽ። ደላላው «ሰሚት ርካሽ ቤት አለ፣ ፀጥ ያለ ሰፈር ነው» ብሎሽ ልብሽ እንደ ሸፈተም አልደበቀችኝም። ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ከዚያ እስከ ቢሮሽ ስንት ታክሲ ነው?

አዲስ አበቤ ርቀትን በኪሎ ሜትር ሲናገር ሰምተሽ አታውቂም። «አንድ ታክሲ ነው»፣ «ሁለት ታክሲ ነው» ይላል፤ አባባሉም ልክ ነው። ወንበር ካገኘሽ በኋላ መንገዱ ቢዘጋጋም ተቀምጠሻል። ጊዜሽን የሚጨርሰው ከአንዱ ወርደሽ ሌላውን የምትጠብቂበት ሰልፍ ነው። ከሰሚት ብትነሺ ብዙውን ጊዜ መገናኛ ወርደሽ ሌላ መያዝ አለብሽ። ከጀሞ ግን ሜክሲኮ ቀጥታ የሚጭን ታክሲ አለ፤ ከአያትም ባቡሩ አለ። በኪሎ ሜትር ካየሽው አያት ከሰሚት አይቀርብም፤ ለአንቺ ግን ሊቀርብ ይችላል። አንድ ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ደጃፍ ቆመሽ እስከ ሜክሲኮ ራስሽ ሂጂበት፤ ማታም አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተመለሽበት። ደላላ ቤት የሚያሳይሽ እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ ሁሉም ሰፈር ቅርብ ነው።

ባቡሩን ሰው ያማዋል፤ እኔም አማዋለሁ። መስከረም 2008 ሲጀምር ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ስለቆሙ ጥበቃውም ግፊያውም በዝቷል። ቢሆንም የራሱ ሐዲድ አለው፤ መኪና ሲቆም እሱ ያልፋል። አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች ነው፣ ሌላው ከቃሊቲ ወደ ሰሜን ይወጣል። ሁለቱ ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ ሜክሲኮ ላይ ሁለቱም ይቆማሉ። ለአንቺ ጥሩ ነው፤ ሲመሽ ግን ተጠንቀቂ። ከሜክሲኮ ወደ ስታዲየም የሚሄድ ባቡር ሁሉ አያት አይደርስም። መዳረሻውን ሳትጠይቂ የመጣልሽ ላይ ከዘለልሽ በቃሊቲው መስመር ሳሪስ ትገኛለሽ።

አውቶቡስን አትናቂ። አንበሳም በዪው ሸገር ኪስ አይጎዳም፤ ለደመወዝተኛ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መነሻው ላይ ሄደሽ ከተሳፈርሽ ትቀመጫለሽ፤ መሐል ላይ ከጠበቅሽው በሩ ላይ ተንጠልጥለሽ ነው የምትሄጂው። ለታክሲውም ይኸው ነው፤ የሚያልፍበት ቦታ ቆመሽ ከምትጠብቂ ተሳፋሪ አራግፎ ወደሚሞላበት ተራው በእግርሽ ሂጂ። አሥር ደቂቃ መራመድ የሚሰንፍ ሰው ነው አርባ ደቂቃ ቆሞ የሚጠብቀው።

ሚኒባስ ላይ ከመውጣትሽ በፊት «ቀጥታ ነው?» በዪ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አንዱን መንገድ ሁለት ቦታ ቆርጠው ሁለት ሒሳብ የሚቀበሉ አሉ። ታሪፉን አስቀድመሽ እወቂ፤ ካላወቅሽ አጠገብሽ ያለውን ሰው በዝግታ ጠይቂ እንጂ ረዳቱን አትጠይቂ። «ስንት ነው?» ያልሽው ለታ እንግዳ መሆንሽን ነግረሽዋል። ዝርዝር ያዢ። ከሌለሽ ረዳቱ መልስሽን ከሌላ ሰው ጋር አዳብሎ አንድ የብር ኖት ይሰጥና «ተካፈሉ» ይላል፤ ያ ሰው ደግሞ ካንቺ ቀድሞ ወራጅ ነው። ቦርሳሽን ከፊት አድርጊ፤ በተለይ ሰው ተጋፍቶ ሲገባ በሩ ላይ ስልክ አታውጪ። ከረዳት ጋር ግን ለትንሽ ሳንቲም አትጨቃጨቂ። ቀኑን ሙሉ ጭስ እየጠጣ ሲጮህ የሚውል ልጅ ነው፤ ስትወርጂ «ተባረክ» ብትይው ነገ ሞልቶ እንኳ ጠጋ ጠጋ አስብሎ ያስገባሻል።

ቦታ ስትጠይቂ የመንገድ ስም አትጥሪ፤ ሰሌዳ ተለጥፎለት እንኳ የሚያውቀው የለም። ሰው የሚያውቀው ሕንፃውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ድልድዩን ነው። ያውም የፈረሰውን ጭምር። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን ከለወጠ ወዲህ «እንትን ሕንፃ ጋ» ብለው ሲልኩሽ ሕንፃው የለም፣ ስሙ ግን አለ። አትደናገጪ፤ ይህች ከተማ ሁልጊዜም እንዲህ ናት። ካዛንቺስ ስሙን የወሰደው በጣልያን ዘመን ቤት ከሠራው ድርጅት ነው፣ ሃያ ሁለትም 22 ቁጥር አውቶቡስ ይዞርበት ስለነበር ነው ይባላል። ከሁሉ በላይ ሊስትሮ ጠይቂ። ጥበቃ የሚያውቀው የራሱን ግቢ ነው፣ ባለመኪና ደግሞ በእግር የሚያቋርጠውን አያውቅም፤ ሊስትሮ ግን የሰፈሩን ጓሮ በር ሳይቀር ያውቃል።

አቅጣጫ ሲጠፋሽ እንጦጦን ፈልጊ። ተራራው ሰሜን ነው፣ መንገዱ ሽቅብ ከሆነ ወደሱ እየሄድሽ ነው፤ ወንዞቹ በሙሉ ወደ አቃቂ፣ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ይህን ከያዝሽ ብዙ በእግር መሄድ ትችያለሽ። ከሜክሲኮ ለገሃር፣ ከለገሃር ስታዲየም በእግር ቅርብ ነው፤ አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ደግሞ እኛ በወጣትነታችን ያላየናቸው ሰፋፊዎች ናቸው፤ ተጠቀሚባቸው። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ግን ዳገት ነው፤ በተረከዝ ጫማ አትሞክሪው። እኛ ቢሮ እስክንገባ ሸራ ጫማ እናደርግ ነበር፤ አያሳፍርም።

ክረምት ሌላ ሕግ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ ታክሲው ሁሉ የት እንደሚገባ እንጃ። ቢሮ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብትቆዪ ሰልፍ ላይ ከምትቆሚው ቀድመሽ ቤትሽ የምትገቢበት ቀን ይኖራል። መስከረም 16 የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ፣ ጥር 10 ጃንሜዳ መንገድ ይዘጋል፤ የካቲት ላይም የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ሲመጡ የቦሌ መንገድ ይያዛል። አንቺ የምትሠሪው ከኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ብዙም ሳይርቅ ነውና በዚያ ሳምንት ማለዳ ውጪ።

ሲመሽ ቁጥብነትሽን ተዪው። ታክሲው ከሳሳ በኋላ ጭር ያለ ቦታ ቆመሽ ከምትጠብቂ ራይድ ወይም ፈረስ ጥሪ፤ ኢንተርኔት ከጠፋ ራይድን በ8294 ደውለሽ ታገኚዋለሽ። ከመግባትሽ በፊት የመኪናውን ታርጋ ስልክሽ ላይ በደረሰሽ መልእክት ካለው ጋር አስተያዪና ለእኔ ላኪልኝ። ተኝቼ እንደሆን ብለሽ አትተዪው።