«ሶወረ» ስለሚለው ግሥ ለነጋዴዎች የቀረበ ምክር

ወንድሞች ሆይ! «ሶወረ» የሚለው የዐረብኛ ግሥ መልክን ሣለ፥ ቅርጽን ሰጠ ማለት መሆኑን እወቁ። በቁርኣን ውስጥ በአሊ ዒምራን፥ በአል-አዕራፍ፥ በጋፊርና በአት-ተጋቡን ሱራዎች ይገኛል፤ በአራቱም አድራጊው አላህ ብቻ ነው። ሰውን በእናቱ ማሕፀን እንደ ፈቀደ የሚቀርጸው እርሱ ነውና፤ «አል-ሙሰዊር» የተባለው ስሙም ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። ነፍስ ያለውን የሚሥሉ ሰዎችም በትንሣኤ ቀን ለሠሩት ሥዕል ሕይወት እንዲሰጡት እንደሚታዘዙ በሐዲስ ተነግሯል።

«እኛ በርበሬና እህል ሻጮች እንጂ ሠዓሊዎች አይደለንም» የሚል ይኖር ይሆናል። በዚህ ላይ እኔ ተርጓሚው ጥቂት ልጨምር። የአማርኛ ጆሮ ይህን ቃል ሲሰማ «ሰወረ»፥ ማለት ሸሸገ፥ የተባለ ይመስለዋል። ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም፤ በገበያ መካከል ግን ይገናኛሉ። ለዚህም እኛ «አስመሰለ» የሚል የራሳችን ቃል አለን።

አቡ ሁረይራ እንዳስተላለፉትና ሙስሊም በሰበሰቡት ሐዲስ እንደ ተመዘገበው፥ ነቢዩ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ቢያስገቡ ጣታቸው ረጠበ። ባለ እህሉን ቢጠይቁት ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳይደለ ተናገሩ።

የቡሬ አገር በበርበሬው የታወቀ ነው። ዛላው ሚዛን እንዲያነሣ፥ ቅላቱም እንዲያበራ ውሃ የሚረጭበት ሰው ብሩሽ አልያዘም፤ ነገር ግን ሥሏል። ደረቁን ከጆንያው አፍ፥ እርጥቡን ከሥር ሲያደርግ ለዕቃው የሌለውን መልክ ሰጥቶታል፤ ነውሩንም ሰውሯል። እርጥብ በርበሬ ይሻግታል፤ ከሻጋታውም የሚወጣ መርዝ አለ፤ እርሱም በወጥ እሳት ጨርሶ አይጠፋም፤ ገዢው ወደ ቤቱ ወስዶ ለልጆቹ ያበላዋል።

«ያራሰው ገበሬው ነው፤ እኔ እንደ ገዛሁት ሸጥሁት» የሚልም አለ፤ ይህን ምክንያት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ወንድሜ ሆይ! ባለ እህሉም ውሃ አላፈሰሰም፤ ያረጠበው ዝናብ ነበር። የተወቀሰው ስለ ማርጠቡ ሳይሆን ስለ መሸፈኑ ነው። ስለዚህ ከገበሬ እርጥብ ዛላ የገዛ ሰው ጆንያውን ገልብጦ እርጥቡን ከላይ ያድርግ፤ የዋጋው ንግግር ከዚያ በኋላ ይጀመር።