ንጹሕ ሲኒ፣ የተገፋ እጅ



ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ ካፋ ዞን ሄጄ ሳለ፣ ቦንጋ ከተማ ውስጥ የማከብራቸው አንድ ሐጂ ቡና ጋበዙኝ። ቡናው የቀረበው ልጃቸው ከውጭ አገር በላከችላቸው የዌጅዉድ ሲኒ ነበር። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1759 በሸክላ ሠሪው ጆሳያ ዌጅዉድ በእንግሊዝ አገር የተመሠረተ ነው።

«ሐጂ፣ ይህ ሲኒ እኮ የከብት አጥንት አለበት» አልኳቸው። ቦን ቻይና የሚባለው ዕቃ እስከ ግማሽ ድረስ የአጥንት አመድ ነው፤ ከነጭ አፈርና ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ተቦክቶ በብርቱ እሳት ይተኮሳል። ከብቱ ታርዶ ይሁን በክት ማን ያውቃል? በሻፊዒይ መዝሀብ ጉዳዩ ጠበቅ ይላል፤ በሐነፊ ግን እሳት የለወጠው ንጹሕ ነው። ሐጂም «እሳት አጥርቶታል» ብለው ፉት አሉ።

በዚህ መካከል ማገዶ የተሸከመች ሴት ከደጅ ቆመች። ከማንጆ ወገን ነበረች። ለእርሷ የተቀዳው ከአጥሩ ሥር ለብቻው በሚቀመጥ፣ ልባጡ በተላጠ የቆርቆሮ ኩባያ ነው። ምክንያቱን ብጠይቅ «እነርሱ እኮ በክት ይበላሉ» ተባልኩ። እኔም ዝም ብዬ ሲኒዬን ጨረስኩ። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ያ ዝምታዬ ነው።

ወገኖቼ፣ ነገሩን እንመዝነው። ከየት እንደመጣ የማናውቀውን አጥንት ከከንፈራችን አስጠጋን፤ አላህ ያከበረውን የአደም ልጅ ግን ከሲኒያችን አራቅን። የሰው ትራፊ፣ ሰውየው ሙስሊም ሆነም አልሆነም፣ ንጹሕ መሆኑን አብዛኞቹ ዑለማዎች አስተምረዋል። አፉ ነጃሳ ቢነካ እንኳ ውሃ ያጠራዋል። ታዲያ ኩባያውን መለየት የጦሃራ ጉዳይ ነው ወይስ የኩራት?

«ልማዱ የቆየ ነው፣ የእኛም ብቻ አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ልማድ ከሸሪዓ ጋር ሲጋጭ ማን እንደሚቀድም ለአንባቢ አይነገርም።

ያ ዌጅዉድ እ.ኤ.አ. በ1787 አንድ ሜዳሊያ ሠራ። በሰንሰለት የታሰረ ባሪያ ተንበርክኮ፣ ሰው አይደለሁምን፣ ወንድምስ አይደለሁምን ብሎ የሚጠይቅበት ነው። የባሪያ ንግድን ለሚቃወሙ በነጻ አደለው። ሸክላ ሠሪው በጭቃ የመሰከረውን፣ በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ የምንቆም እኛ በአንድ ሲኒ ቡና መመስከር እንዴት ያቅተናል?

አንድ ረከቦት ለሁሉም ይበቃል። ለሐጂም ይህንኑ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር።

ወላሁ አዕለም።