በይሉኝታ የሚዋጥ አቧራ

ልጄ፣ ሥራ በማግኘትህ ደስ ብሎኛል። አሮጌ ቤት ማፍረስና ማደስ እንጀራ የሚያበላ ሙያ ነው፤ ጠንክሮ ሠርቶ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ የራሱን ሠራተኞች የቀጠረ የአገራችን ልጅ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ አይቻለሁ። ያላማረኝ ባለፈው እሑድ እየሳቅህ ያወራኸኝ ነገር ነው። ቤዝመንት ውስጥ ቱቦ ላይ የተጠቀለለ ነጭ ነገር ስትቀድዱ ዋላችሁ፤ አቧራው ጉድ ነበር። ምን እንደሆነ ጠይቀህ እንደሆነ ስልህ፣ «ሰውዬው የአገር ልጅ ነው፤ ሥራ በሰጠኝ በሳምንቱ ምን ብዬ ልጨቅጭቀው?» አልከኝ።

ይሉኝታ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ያምራል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ግን ሳንባ ያስበላል።

ያ ነጭ ነገር አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል፤ በዓይኑ አይቶ የሚለይ ሰው የለም፣ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ግን መልኩን እወቀው። የተሰበረ እጅ ላይ እንደሚታሰር ጀሶ ላዩ ሸራ ለብሶ የተለሰነ ነው፤ ጠርዙ ሲቀደድ ከውስጥ የተደራረበ ግራጫ ወረቀት ብቅ ይላል፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ዘጠኝ ኢንች በዘጠኝ ኢንች የሆነውን የድሮ የወለል ታይልና ከሥሩ ያለውን ጥቁር ማጣበቂያም ጠርጥር። እ.ኤ.አ. እስከ 1980 በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ያለ የቱቦና የቦይለር መጠቅለያ ተመርምሮ ነፃ እስኪባል ድረስ አስቤስቶስ እንዳለበት ይቆጠራል፤ ይህ የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት ሕግ ነው። ስለዚህ «የለበትም» ብሎ በወረቀት ማሳየት የአሠሪው ዕዳ ነው።

«ታግዷል እኮ» የሚልህ ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን እገዳ ፍርድ ቤት በ1991 አብዛኛውን ሻረው፤ ክሪሶታይል የሚባለው ነጩ ዓይነት የታገደው ገና በ2024 ነው። ደግሞስ እገዳ ድሮ ግድግዳ ውስጥ የገባውን አያወጣም። የምታወጣው አንተ ነህ። ሳይነካ ከተቀመጠ ብዙም አይጎዳም፤ ጉዳት የሚያመጣው መዶሻው፣ መጋዙና መጥረጊያው ነው።

አስቤስቶስ ማዕድን ነው። ቃጫው ሲሰበር በቁመቱ እየተሰነጠቀ ይቀጥናል፣ ዓይን እስከማያየው ድረስ። ሳንባ ውስጥ ከገባ ሰውነት አያሟሟውም፤ ሊውጠው የመጣው ሴል ይከሽፋል፣ ቦታው ይቆጣል፣ ጠባሳ ያወጣል፣ ጠባሳው እየሰፋ ሳንባውን ያደርቀዋል። አስቤስቶሲስ የሚሉት ይህን ነው። ሰውየው መጀመሪያ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቅ ሳል ይይዘዋል፤ ጠባሳውን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ሳንባን በሚሸፍነው ስስ ገለፈት ላይ የሚነሳው ካንሰር፣ ሜሶቴሊዮማ፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው የሚመጣው። የሳንባ ካንሰርም አለ፤ እዚህ ላይ ሲጋራህን አነሳብሃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ የአሜሪካ ሠራተኞች ጥናት እንዳሳየው፣ አስቤስቶስ የነካና የማያጨስ ሰው በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድሉ አምስት እጥፍ ያህል፣ አስቤስቶስ ሳይነካ የሚያጨስ ደግሞ ዐሥር እጥፍ ያህል ይጨምራል። ሁለቱ የተገናኙበት ሰው ከሃምሳ እጥፍ በላይ ነው። በረንዳ ላይ እየወጣህ የምታጨሰውን እናትህ አታውቅም ብለህ ይሆናል፤ ታውቃለች።

ስለዚህ «ምንም አልሆንኩም» አትበለኝ። ዛሬ ምንም አትሆንም። የሚታመመው ወደፊት ልጆችህን የምትድረው አንተ ነህ። ያኔ አሠሪህ ድርጅቱን ዘግቶ አገር ቤት ገብቶ ይሆናል፤ በካሽ ከተከፈለህ ደግሞ እዚያ ቤት መሥራትህን የሚመሰክር ወረቀት አይኖርም።

ወረቀት እያለም እንኳ ምን እንደሚደርስ የኔሊ ከርሾን ታሪክ ስማ። እንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ፣ ተርነር ብራዘርስ በሚባል ፋብሪካ አስቤስቶስ ትፈትል ነበር። ሐኪሟ በሽታዋ ከአስቤስቶስ የመጣ መሆኑን ጽፎ ሰጣት። ፋብሪካው አልቀበልም አለ፤ ካሣ አልከፈላትም። እ.ኤ.አ. በ1924 በ33 ዓመቷ ስትሞት ለቀብሯም አላዋጣም፤ ለሌላው በር ይከፍታል ብሎ ነው። ሬሳዋን የመረመረው ሐኪም ዊልያም ኩክ ሳንባዋ ውስጥ ያገኘውን የማዕድን ቅንጣት በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው፤ መንግሥትም በ1931 የፋብሪካዎቹን አቧራ የሚቆጣጠር ደንብ አወጣ። ኔሊ ሰባት ዓመት ቀድማ ሄዳለች።

አንተ ዛሬውኑ ደብተር ግዛ። የቤቱን አድራሻ፣ ቀኑን፣ ምን እንዳፈረስክ፣ ከማን ጋር እንደነበርክ ጻፍ። ቱቦውን ሳትነካው በስልክህ ፎቶ አንሣ። ሐኪም ቤት ስትሄድም የምትሠራውን ሳትጠየቅ ተናገር፤ ከእኛ አገር የመጣ ሰው ሲያስል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፣ ሥራህን ካልነገርከው ሐኪሙ ከየት ያመጣዋል?

ያ ከፋርማሲ የገዛኸው የወረቀት ማስክ ለዚህ አይሆንም። የሚያስፈልገው ፊት ላይ ግጥም የሚል፣ ሐምራዊ ማጣሪያ ያለው የጎማ ማስክ ነው። አሠሪው ራሱ ገዝቶ፣ ፊትህ ላይ ለክቶና አሠልጥኖ መስጠት አለበት። ጢምህንም ትላጫለህ፤ በጢም ላይ ማስክ አይገጥምም። እንደሚያናድድህ አውቃለሁ። ማስክ ደግሞ ብቻውን አይበቃም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ማውጣት ለሱ የሠለጠኑና ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ሥራ ነው፤ እያረጠቡ፣ ክፍሉን በፕላስቲክ አሽገው ነው የሚያወጡት። አንተም ሠልጥነህ ልትገባበት ትችላለህ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ልብስህ ነው። ፋብሪካ ረግጠው የማያውቁ፣ የባላቸውን የሥራ ልብስ እያራገፉ ሲያጥቡ የኖሩ ሴቶች በሜሶቴሊዮማ ሞተዋል። እህትህ ያንተን ቱታ ከሕፃኑ ልብስ ጋር ነው የምታጥበው። አቧራ የነካው ልብስና ጫማ ቤት እንዳይገባ፤ ሥራ ቦታ አውልቀህ፣ ታጥበህ ና።

ለሰውዬው በአክብሮት ንገረው። «ጋሼ፣ ይሄ ቤት ለአስቤስቶስ ተመርምሯል? ወረቀቱን ላየው?» በል። ጨዋ ከሆነ ያሳይሃል፤ ካልተመረመረም ያስመረምራል። ከተቆጣ መልሱን አግኝተሃልና ውጣ። ጠየቅህ ብሎ ቢያባርርህ ሕጉ የመኖሪያ ወረቀትህን ሳያይ ይከላከልልሃል፤ አቤቱታው ግን በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፣ እኔ ይዤህ እሄዳለሁ። የአንድ ወር የቤት ኪራይህንም እችላለሁ፣ ስለሱ አታስብ። ሰኞ ጠዋት መዶሻ ከማንሣትህ በፊት ጠይቀውና ያለህን ደውለህ ንገረኝ።