ከአጠገቡ ተቀመጠ
(የሐዋርያት ሥራ 8፥26-40)



የሀገራችን ሰው ጃንደረባው ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ሆኖ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ወደ እርሱ ሮጦ የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ጠየቀው። እርሱም የሚመራው ሰው እንደሌለ ነግሮ፣ ወጥቶ ከአጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። ስለ ጥምቀቱ ብዙ ጊዜ ሰብከናል፤ ስለዚያ መቀመጫ ግን ጥቂት ተናግረናል። ፊልጶስ ልጓሙን ከባለቤቱ እጅ አልተቀበለም፤ ከአጠገቡ ተቀምጦ፣ ሰውየው ከሚያነበው ቃል ጀምሮ አስረዳው እንጂ። ጃንደረባው መጽሐፍ ነበረው፤ ያጣው አብሮት የሚያነብ ሰው ነበር።

ዘነበወርቅ ይህን ትምህርት በሚገባ ሊያውቀው የሚገባ ሰፈር ነው። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ ከ1958 ዓ.ም. ወዲህም አለርት የተባለው ማእከል፣ ዘመድ የሸሻቸውን ሕሙማን ተቀብሏል። ብዙዎቹም በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው ልጆች አሳድገዋል። ከዚህ ብዙ ሳይርቅ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በአንድ ሌሊት ስንት ቤት እንደሚፈርስ በዓይናችን አይተናል። ሕፃናት ያለ ወላጅ የሚቀሩት እንዲህ ባለ አደጋ ብቻ አይደለም፤ በሕመምና በድህነትም ጭምር ነው።

ሀገራችን በ2010 ዓ.ም. ልጆች ለውጭ ሀገር ዜጎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ በሕግ ከልክላለች። እንግዲህ የእነዚህ ልጆች ጉዳይ የራሳችን ነው። ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድገውን ቤት «የአደራ ቤተሰብ» እንለዋለን። አደራ ደግሞ በሕዝባችን ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም፤ «አደራ በላ» ከመባል የሚከፋ ስድብ ጥቂት ነው። ቅዱስ ዮሴፍም ያልወለደውን ልጅ በአደራ ተቀብሎ አሳደገ።

ሁላችንም ልጅ ወስደን ማሳደግ አንችል ይሆናል። ከአንድ ተማሪ አጠገብ በሳምንት ሁለት ሰዓት መቀመጥ ግን ብዙዎቻችን እንችላለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2። ወላጅ እያለለት ፈተናው ይህን ያህል የከበደው ተማሪ ካለ፣ ማታ ደብተሩን የሚገልጥለት የሌለው ልጅ እንዴት ይሆን?

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ ማሳደጊያ ለሚኖር የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሒሳብ ላስጠናው ቃል ገባሁ። ሦስት ቅዳሜ ሄድሁ። በአራተኛው ቀብር ገጠመኝ፤ በአምስተኛው ስብሰባ ያዘኝ፤ ከዚያ በኋላ ያስቀረኝ ኀፍረት ነው። ከወራት በኋላ በመንገድ አግኝቼው ይቅርታ ብጠይቀው፣ «ምንም አይደለም አባ፤ ለምጄዋለሁ» አለኝ። ቢቆጣኝ በቀለለኝ ነበር። ብዙዎች ጥለውት ከሄዱት ልጅ ዘንድ እኔም ከሄዱት ጋር ተቆጠርሁ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን አገልግሎት በችኮላ አትጀምሩት። አንድ የትምህርት ዓመት መጽናት የማይችል ሰው ቃል ባይገባ ይሻላል። የምትጀምሩት ከአሳዳጊዎቹ ጋር ተስማምታችሁ፣ በቁምስናው ዕውቅና ይሁን፤ የምትቀመጡትም ሰው በሚያያችሁ ቦታ ይሁን፤ ይህ ልጁንም እናንተንም ይጠብቃል። ታሪኩን አትመርምሩት፤ ከፈለገ በጊዜው ይነግራችኋል። ልቡን በገንዘብና በስጦታ አትግዙት። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ወይም የሌላ እምነት ልጅ ከሆነም፣ የመጣችሁት ለትምህርቱ መሆኑን አትርሱ። አንድ ቀን መቅረት ግድ ቢሆንባችሁ፣ አስቀድማችሁ ንገሩት።

«እኔ ምን ተምሬ ነው የማስተምረው?» የምትል እናት ትኖር ይሆናል። እማሆይ፣ ልጁ ያነበበውን በአማርኛ እንዲያስረዳሽ ጠይቂው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማረውን ለሌላ ሰው ማስረዳት የቻለ ልጅ፣ የገባውንና ያልገባውን ራሱ ይለያል። አካውንታንቱ ሒሳቡን፣ ነርሷ ባዮሎጂውን፣ ጡረተኛው መምህር የፈተናውን ስልት ይወቁ፤ መምጣታቸውን ግን ሁሉም እኩል ይችላሉ።

ፊልጶስ በመጨረሻ ከጃንደረባው ተለየ፤ ሰውየውም ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ። የእኛም ልጅ 18 ዓመት ሞልቶት ከማሳደጊያው ሲወጣ መንገዱን ብቻውን ይቀጥላል። ያን ቀን ደስ ብሎት እንዲሄድ፣ በመጪው ቅዳሜ ከአጠገቡ ማን ይቀመጣል? ከቅዳሴ በኋላ በቁምስናው ጽሕፈት ቤት ስማችሁን ስትሰጡ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው የራሴን ስም ነው።

የሙት ልጆች አባት የሆነው እግዚአብሔር አደራውን የምንጠብቅበትን ጽናት ይስጠን። አሜን።