ልጆቻችንን በትዕግሥት እናስተምር

ጌታችን በናዝሬት ቤት በማርያምና በዮሴፍ ጥበቃ ሥር በጥበብ ማደጉን ወንጌላዊው ሉቃስ ይመሰክርልናል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው ሰነድ፥ የልጆች ቀዳሚ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስተምሮናል።

እኛ ግን ይህን አደራ ለትምህርት ቤት ብቻ እንተዋለን፤ ሕፃኑ ማታ «ለ»ን ከ«ሰ» ጋር ቢያምታታም በቁጣ እናስደነግጠዋለን። ያን ጊዜ የሚማረው ፊደልን ሳይሆን ፍርሃትን ነው።

ስለዚህ ከማታ ጸሎት በፊት ጥቂት ጊዜ እንስጠው። ከአምስት የባቄላ ፍሬ ሁለቱን ስናነሣ የቀረውን ይቁጠር፤ የሚያውቀውንም ፊደል ከመጽሐፍ ላይ በጣቱ ያሳየን። ማንበብ የማንችል እንኳ ብንሆን አጠገቡ ተቀምጠን እንስማው። እግዚአብሔር እኛን ስንሳሳት ታግሦ ያስተምረናልና፥ እኛም ልጆቻችንን እንታገሥ። አሜን።