«ደህና ነኝ» አትበያት

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነጠላሽን ለማጣፋት ክንድሽ አልታዘዝ ሲልሽ አየሁ። ጠጋ ብዬ ብጠይቅሽ «ደህና ነኝ እማማ፣ ብርድ ነው» አልሽኝ። ማታ ደውለሽ ግን እውነቱን ነገርሽኝ። ሐኪሙ ፋይብሮማያልጂያ እንደሆነ ነግሮሽ ወደ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ልኮሻል፤ አንቺ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተሽዋል። «ሥራ አለኝ እኮ፤ ሥራ የሚያስቀጥሩ ሰዎች ዘንድ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» ነው ያልሽው። እኔም ከዚህ ሕመም ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። አራቱን ያባከንኩት እንዳንቺ ወረቀት ደብቄ ስለሆነ ዝም ልልሽ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ሕመምሽን እመኚው። የደም ምርመራውም ኤክስሬዩም ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ ሰው ብቻ ሳይሆን ራስሽም ትጠራጠሪያለሽ። ይህ ሕመም በደም አይገኝም፣ መገጣጠሚያም አይበላም። ችግሩ ያለው ነርቭና አንጎል የሕመምን ስሜት በሚያስተናግዱበት መንገድ ላይ ነው፤ ለሌላው ሰው ንክኪ የሆነው ለአንቺ ምት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ሐኪሞች ባወጡት መስፈርት፣ ሰውነት ላይ ካሉ 18 ነጥቦች ቢያንስ 11ዱ በጣት ሲጫኑ ማመም ነበረባቸው። በ2010 ነጥብ መቁጠሩን ትተው የሕመሙን መስፋፋት፣ ድካሙን፣ የማያሳርፈውን እንቅልፍና የሐሳብ መደብዘዙን መመዘን ጀመሩ። ስለዚህ ድስት ጥደሽ መርሳትሽ፣ ስምንት ሰዓት ተኝተሽ ደክሞሽ መነሣትሽ፣ የሕመሙ አካል እንጂ ስንፍናሽ አይደለም።

የሙያው ስም ቢያሳስትሽ አልፈርድብሽም። ለእኛ እንግዳ ነው፤ ሀገር ቤት እንኳ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በቅርቡ ነው። «ኦኩፔሽን» የሚሉት የሚከፈልበትን ሥራ ብቻ አይደለም። መታጠብ፣ ፀጉር ማበጠር፣ ልጅ ማቀፍ፣ ወጥ ማማሰል፣ መተኛትም ሳይቀር፣ ቀንሽን የሚሞላው ሁሉ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ሰውነትሽን እንድታጠነክሪ ያግዝሻል፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ ደግሞ ያለሽን ጉልበት በምን ላይና እንዴት እንደምታውዪው አብራሽ ታስባለች።

የመጀመሪያዋን ቴራፒስት ያጣኋት በራሴ አፍ ነው። «ምን መሥራት አቃተሽ?» ስትለኝ፣ አፋችን የለመደውን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኳት። እሷም እንዳልኩት ጻፈች። ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ኢንሹራንሱ ራሷን ችላለች ብሎ ቀሪዎቹን ከለከለኝ። በዚያ ሳምንት የጡት መያዣዬን የምታስርልኝ ልጄ ነበረች።

ልጄ፣ ምስጋናሽን ለፈጣሪ አቅርቢ፣ ሰላምታሽንም ለሰው ስጪ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የምትናገሪው ሁሉ ይጻፋል፤ የሚፈቀድልሽም በተጻፈው ልክ ነው። ከመሄድሽ በፊት ሰባት ቀን ሙሉ ደብተር ያዢ፤ ስንት ሰዓት ተነሣሽ፣ ምን ሠራሽ፣ ሕመሙ መቼ ተነሣ፣ በማግስቱስ ምን አስከፈለሽ። በአማርኛ ጻፊው። እዚህ አሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ። የአሥራ ሁለት ዓመቷን ልጅሽን ለማስተርጎም አትውሰጃት። እናቷ ገላዋን መታጠብ እንዳቃታት ከአፏ ልታወጣው አይገባም።

ሁለተኛዋ ቴራፒስት ከሁሉ በላይ መልሼ ልሠራቸው የምፈልጋቸውን ነገሮች እንድነግራትና አሁን ምን ያህል እንደምችላቸው ከ10 ነጥብ እንድሰጥ ጠየቀችኝ። የፋሲካን ዶሮ ወጥ አልኳትና 2 ሰጠሁ። ከሽንኩርቱ ጀምረሽ ንገሪኝ አለች። መላጡን፣ መክተፉን፣ ቁሌቱን ለሰዓታት ማማሰሉን፣ አሥራ ሁለቱን ብልት በሎሚና በጨው ማጠቡን፣ ሁሉንም ቅዳሜ ቆሜ ጨርሼ ከበዓሉ በኋላ ሦስት ቀን አልጋ ላይ መዋሌን ነገርኳት። ወጡን ተዪው አላለችኝም። ቀኑን ከፋፈለችልኝ። ሽንኩርቱ ማክሰኞ በማሽን፣ ቁሌቱ ረቡዕ፣ ዶሮው ሐሙስ፤ ዓርብ ስቅለት ነው፤ ለቅዳሜ የሚቀረው ማገናኘቱ ብቻ። ከምድጃው አጠገብ ረጅም በርጩማ አስቀመጥን፣ የማማሰያውን እጀታ በጨርቅ አወፈርነው፣ ከባዱን ብረት ድስት በቀላል ለወጥነው። በየሃያው ደቂቃ የሚጮህ ሰዓትም ሞላን።

የሰዓቱን ነገር ጠበቅ አድርጌ እነግርሻለሁ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ከተማርኩት ይህን የሚያህል የለም። እኛ የምናርፈው ሰውነታችን ሲወድቅ ነው። ማረፍ ያለብሽ ግን ሳያምሽ፣ ሰዓቱ ስለደረሰ ነው። ደህና የሆንሽበትን ቀን ተጠንቀቂው። ዛሬ ቀሎኛል ብለሽ የሳምንቱን ልብስ አጥበሽ፣ ቤት አጽድተሽ፣ ሰላሳ እንጀራ ጋግረሽ፣ ነገ መነሣት የሚያቅትሽ ያኔ ነው። በክፉ ቀንሽ ስንት ደቂቃ መቆም እንደምትችይ ለኪ፤ ከዚያ ትንሽ ቀንሰሽ ጀምሪና ቀስ እያልሽ ጨምሪ። እንቅስቃሴም እንዲሁ ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባሻሻለው ምክሩ ውስጥ አጥብቆ የመከረው አንድ ነገር የአካል እንቅስቃሴን ነው፤ መድኃኒቶቹን እንኳ እንደዚያ አጥብቆ አልመከራቸውም።

ሕመሙ አልጠፋም። ቴራፒስቷም ይጠፋል አላለችኝም። ባለፈው ፋሲካ ግን ለዶሮ ወጤ 7 ሰጠሁ፤ ማዕዱም ላይ ከልጆቼ ጋር ተቀመጥኩ።

በርጩማ ላይ ተቀምጬ ወጥ ሳማስል ያዩኝ ሴቶች ከንፈር መጥጠውልኛል። አንቺንም ያገኝሻል። ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት የሚቆሙ አባቶች መቋሚያ ይደገፋሉ፤ ደካማ ያላቸው ሰው አላየሁም። በርጩማዬንም የማየው እንደዚያው ነው።

አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት በፈረቃ ሰው እያነሣሽ ስለምትሠሪ የሥራሽን ነገር አትርሺ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ አቅሙ የሚፈቅደውን ማስተካከያ እንዲያደርግ ያዛል። ሕመሙ ሥራሽንና ኑሮሽን በእጅጉ የሚገድብሽ ከሆነ አንቺንም ይመለከታል። ቴራፒስቷ በምትጽፍልሽ ደብዳቤ ላይ የበሽታው ስም ብቻውን አይበቃም፤ ስንት ሰዓት መቆም፣ ስንት ኪሎ ማንሣት እንደምትችይ በቁጥር ይጻፍ። የኢንሹራንስሽ ነገርም አለ፤ በዓመት የሚከፍለው የቀጠሮ ቁጥር ሊገደብ ስለሚችል ከመጀመርሽ በፊት ጠይቂ።

ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጪው። ጊዜው ሳያልፍበት ሰኞ ጠዋት ደውይ፣ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በይ። ገብተሽ ስትቀመጪ «እንዴት ነሽ?» ትልሻለች። ከነጠላሽ ጀምረሽ ንገሪያት።