ስሙን መንገር ወይስ መደበቅ?

አርብ ገበያ ላይ የአንድ ሰው እግር መጎተት ከጀመረ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ «ጓያ ነው» ይላል፤ ሌላው «ልክፍት ነው»፤ ሦስተኛው ጠበል ይጠቁማል። የአንዱ ጓደኛችን አጎት እንዲህ ከሆኑ አምስት ዓመታቸው ነው። በመጨረሻ አዲስ አበባ መጥተው ተመረመሩ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ለጓደኛችን ብቻ ነገረውና «ለእሳቸው ምን ያደርግላቸዋል?» አለው። እኛን ሌሊቱን ሙሉ ያከራከረን ይኸው ጥያቄ ነው።

በሽታው መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ በ1868 እ.ኤ.አ. በሚገባ ገልጾታል። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የነርቭን ሽፋን ይልጣል፤ መልእክቱም ሽፋኑ እንደተላጠ የመብራት ሽቦ ይቆራረጣል። የአጎታችን ዓይነቱ ደግሞ ከዓመት ዓመት የሚብሰው ነው። በአንድ ምርመራ አይለይም፤ የሕመሙ ታሪክ፣ የኤም.አር.አይ ምስልና የጀርባ ፈሳሽ ተደምረው ይመዘናሉ። የአከርካሪ ነቀርሳም ሆነ ጓያ ሊመስል ይችላል። ጓያ ግን አብዛኛውን ጊዜ እግርን ይዞ እዚያው ይቆማል እንጂ እንዲህ እየገፋ አይሄድም። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ኦክሬሊዙማብ ጉዞውን ያዘገያል እንጂ አያድንም፤ ዋጋውም በሬ ተሸጦ የሚደረስበት አይደለም።

ታዲያ ስሙ ምን ይሠራል? «ተስፋ ከማስቆረጥ በቀር ምንም» ያሉ ከመካከላችን ነበሩ። ነገሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን እሳቸው እኮ ዛሬም ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ «በምን ኃጢአቴ ነው?» የሚል ሌላ ስም ይዘዋል። ጎረቤትም እንዳይጋባበት ይሸሻቸዋል። እውነተኛው ስም ይህን ሁለቱን ያነሣል፤ በሽታው ቅጣት አይደለም፣ አይጋባምም። የተረፈውን በሬ ከመሸጥም ያድናል። ደግሞ ያለ ውድ መድኃኒት የሚሠራ ሥራ አለ፦ የደረቀውን ጅማት በየቀኑ ማሳሳብ፣ በቀትር ፀሐይ አለመዋል፣ የሽንትን ችግር ሳያፍሩ መናገር፣ አልጋ ላይ ከዋሉም ገላ እንዳይቆስል እያገላበጡ መያዝ። ይህን ሁሉ ስሙን ያልሰማ ሰው ከየት ያመጣዋል?

ሐኪሙ ክፉ ሰው አይመስለንም። የተሳሳተው መንገርንና ጥሎ መሄድን አንድ አድርጎ በማየቱ ነው። በአገራችን መርዶ እንኳ ወግ አለው፤ ሰው ብቻውን ሳለ አይረዳም፤ ዘመድ ተሰብስቦ ማልዶ ይነግረዋል፣ ነግሮም አብሮ ይቀመጣል። በእኛ አስተያየት፣ እውነትን መንገር ግዴታ የሚሆነው አብሮ የመቀመጥን ዕዳ ከተቀበሉ ጋር ነው። ዕዳውን የማይቀበል ሰው ባይናገር ይሻለዋል፤ ግን ዝምታውን ርኅራኄ ብሎ አይጥራው።

ጓደኛችን ለዕረፍት ሲወርድ ለአጎቱ ሊነግራቸው ወስኗል። ሁለታችን አብረነው እንሄዳለን።